የነጋሪቱ ቤት ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ ዝንብ እንኳ ሳይፈተሽ የማይገባበት ሙዚየም ነበር። ጠባቂው ጋሽ ድልነሳው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓይናቸውን አልከደኑም፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ አንዱን ገልጠው ነው። የሚጠብቁት በመስታወት ሣጥን የተቀመጠ ጥንታዊ ነጋሪት ነው። ድሮ ሲጎሰም ሰባት ወንዝ ተሻግሮ ይሰማ ነበር፤ ስምንት ነው የሚሉም አሉ።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ሁለት እንግዶች መጡ፦ ዓይነ ስውሯ ቆዳ ሰፊ ይታክቱና መስማት የተሳነው አናጺ ፈለቀ። ጋሽ ድልነሳው ጠረጠሩ። «የማታይ ሴት ልታይ መጣች? ይሄ የተመከረበት ነገር ነው!» አሉና ከኋላቸው ተለጠፉ፤ ትንፋሻቸው የይታክቱን ነጠላ ያርገበግብ ነበር።

አስጎብኚዋ ስመኝ የምልክት ቋንቋ ተምራለች። «እነዚህ ሰዎች መስታወት ሊጎበኙ አልመጡም» ብላ፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ገልብጣ፣ ቁልፉን ከተሰቀለበት መንጭቃ ሣጥኑን ከፈተች።

«አንቺ ልጅ፣ ከሥራ መባረር አማረሽ?»

«ልባረራ፣ ጋሼ!»

ይታክቱ ቆዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰች። «ጋሼ፣ ይሄ የፋብሪካ ክር ነው። ነጋሪቱ ተቀይሮብዎታል።»

«በየትኛው ዓይንሽ አይተሽ?»

«ዓይንማ እርስዎ ነበረዎት።»

ጋሽ ድልነሳው ግን «ክሩ በጥገና ተለውጦ ይሆናል!» ብለው ድርቅ አሉ።

ፈለቀ ስመኝን አስጎስሞ መዳፉን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። ከዚያ በእጆቹ ተናገረ፤ እሷም ተረጎመች፦ «ንዝረቱ ውስጡ ሞተ። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ከተቆረጠ ዓመት አይሞላውም።» በዚያ ዓመት ነጋሪቱን ለጥገና ያወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቤቱ ሲፈተሽ እውነተኛው አልጋው ሥር ተገኘ።

የከተማው ሽማግሌዎች ጋሽ ድልነሳውን «ጥበቃውን ከሦስቱ ላመኑት ያስረክቡ» አሏቸው። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ።

ይታክቱ፦ «ሐሰቱን ያወቅሁት እኔ።»

ፈለቀ በምልክት፦ «እኔ ባልኖር እስከ ዛሬ በክር ትከራከሩ ነበር።»

ስመኝ፦ «እኔ ባልከፍት መስታወት ዳብሳችሁ ትመለሱ ነበር።»

ጋሽ ድልነሳው ቁልፉን ጨብጠው አንድ በአንድ ጠረጠሩ። ስመኝ ዛሬ ለደግ ከፈተች፤ ነገ ለማን ትከፍታለች? ይታክቱ ኮቴውን አጥፍቶ የሚገባን ሌባ በምን ታውቃለች? ፈለቀ መስታወት ቢሰበር በምን ይሰማል? ደግሞ እሳቸው ራሳቸው በሁለት ዓይንና በሁለት ጆሮ ነው ዓመት ሙሉ አዲስ እንጨት የጠበቁት!

እጃቸው ሳይፈታ እንደ ቆሙ ናቸው። ተጣልታችሁም ቢሆን ንገሯቸው፦ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?