የተመለሱት አራት ሽቦዎች

አንድ ሰው ነበረ፤ እንደ አንተ በብስክሌት ድንበር ሊያቋርጥ የተነሣ። አንተ ከጠዋት ጀምሮ የምትነዘንዘኝን ጥያቄ እሱም ይጠይቅ ነበር፤ «በኮረኮንች መንገድ የማይሰበር ቸርኬ የቱ ነው?»

ይህ ሰው ታላቅ ወንድም ነበረው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደጉት። በኋላ ታላቁ ድንበር ተሻግሮ ድንጋይ ፈላጭ ሆነ። ስምንት ዓመት ሳይተያዩ ቆዩና መልእክት መጣ፤ «ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ወደብ እወርዳለሁ፤ ከዚያ መርከብ ነው። ልታየኝ ከፈለግህ ቀድመህ ድረስ።» ወንድሙ ያለበት ቦታ መኪና የሚገባው በወር አንዴ ነው። ያለው አማራጭ ብስክሌት ብቻ ነበር።

ሰውዬው ሱቅ ለሱቅ ዞረ። ቸርኬ ያነሣል፣ ያሽከረክራል፣ «ይሄ ይሰበራል?» ይላል። ሻጩ «ሁሉም ይሰበራል» ካለው ትቶት ይወጣል። በመጨረሻ አንድ ብልጥ አገኘ።

«ይሄማ ዝሆን ቢቀመጥበት አይሰበርም!»

ደስ አለው። ቸርኬውን የሚወጥሩት ሽቦዎች ቀጫጭንና ጠፍጣፋ ነበሩ፤ ሌላ ቦታ አይቷቸው አያውቅም። ይህም አስደሰተው። ሻጩ ሲያስረክበው፣ የሙያው ልማድ ነውና፣ አራት ትርፍ ሽቦዎች በብስክሌቱ ብረት ላይ በፕላስተር ያስርለት ጀመር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«መለዋወጫ ነዋ፣ ጋሼ። መንገድ ነው፣ ምን ይታወቃል?»

«አይሰበርም ብለህ ሸጠህልኝ መለዋወጫ ታስርልኛለህ? ትቀልድብኛለህ እንዴ?»

ነቅሎ መለሰለት። አስበው እንግዲህ! አራቱ ተደምረው የአንድ እርሳስ ክብደት አይኖራቸውም።

ማክሰኞ ድንበሩን ተሻገረ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ ሽቦ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ብዙም ሳይሄድ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ቸርኬው ተጣሞ አልዞር አለ። እየገፋ አንድ ትንሽ ገበያ ደረሰና ዛፍ ሥር የተቀመጠ ጎሚስታ አገኘ። የድንበር ሰው ስለሆነ አማርኛ ይሞካክራል። ጎሚስታው የሽቦ ጣሳውን መሬት ላይ ዘረገፈ። አንድ በአንድ ሞከረ፤ ሁሉም ወፍራም፣ አንዱም አልገባ አለ። የራሱን ቸርኬ እንኳ ፈትቶ ሞከረለት፤ መጠኑ አልገጠመም።

«ወንድሜ» አለው ላቡን እየጠረገ፣ «እንዲህ ያለ ጉድ ሲሸጡልህ የራሱን ሽቦ አልሰጡህም?»

ሰውዬው ብስክሌቱን እዚያው ጥሎ በእግሩ ሄደ።

እሑድ ጠዋት ደረሰ። የድንጋይ መፍለጫው ዘበኛ በጣቱ ወደ መንገዱ አሳየው። «ወንድምህ ትናንት መኪናውን እስከ ስድስት ሰዓት አስቁሞት ነበር» አለው። «በኋላ ሾፌሩ ተቆጣና ሄዱ።»

ያ ሰው ወንድሙ ዛሬ የት እንዳለ አያውቅም።

አሁን ስማኝ፤ አልደግመውም። ያ ሰው አንተ ነህ። «የማይሰበር» እያልህ ስትዞር እውነቱን የሚነግርህን ትተህ የሚዋሽህን እየፈለግህ ነው። ሠላሳ ስድስት ወፍራም ሽቦ ያለውን፣ በየገጠሩ ጎሚስታ ጣሳ ውስጥ ሽቦው የሚገኘውን ያዝ። እሱም ይሰበራል። ምን ያስቀይምሃል? አንድ ቀን እንደሚሰበር ያላመነ ሰው ምንም መለዋወጫ ይዞ አይወጣም።

በል፣ ያን የሽቦ መፍቻ ቁልፍ አንሣ። እዚሁ ፊቴ አንድ ሽቦ ነቅለህ ቀይር። ከዚያ መንገዱን አሳይሃለሁ።