ድምፅ የጠማት ቅጠል

ተረት ተረት ስላችሁ ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የመስኮት ሥር» በሉኝ። ላምም በረትም የለበትም። ያለው አንድ መስኮት፣ አንድ ማሰሮና አንዲት ዘር ብቻ ነው።

ድንጋይ እንኳ ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ መሪጌታ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉንም ዳዊቱንም ቀለም አበጣበጡንም ለእሷ አስተማሯት፤ ሲሞቱም ጥቂት የብራና ቁራጭና አንድ የቀለም ቀንድ ተዉላት። የመንደሩ ቄስ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቅዳሴውን በቃላቸው ነው የሚያደርሱት። ስለዚህ በዚያች መንደር የተጻፈ ነገር ሁሉ በአንጓች እጅ ያልፍ ነበር።

ግን አንጓች ዓይነ አፋር ነበረች። ሰው ሲጠራት «አቤት» የምትለው በልቧ ነው። ደብዳቤ ሲያስነብቧት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምታነበው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «እምቢ» ማለት አትችልም ነበር። ነጋዴ የበሰበሰ ሽንኩርት ቢሰጣት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀበላለች።

አንድ ቀን በቀትር፣ ጥላ ከእግር ሥር በሚገባበት ሰዓት፣ እስስት መጥታ መስኮቷ ላይ ተቀመጠች። በአንድ ዓይኗ ወደ ቤት፣ በሌላው ዓይኗ ወደ ደጅ ታያለች።

«አንጓች፣» አለች እስስት፣ «ሰው ፊት ስትቆሚ የሚያቃጥልሽ ምንድን ነው?»

«ሐፍረት ነው፣» አለች አንጓች። ለእንስሳ መናገር አያሳፍራትም ነበር።

«ሐፍረትን የሚያስተኛ ቅጠል አለ። ሐሺሽ ይሉታል። ዘሩ ይኸው።»

እስስት ምላሷን መዘዘች። በምላሷ ጫፍ ላይ አንዲት ዘር ነበረች፤ ከምስር የማትበልጥ፣ እንደ ጅግራ ላባ ዝንጉርጉር።

«እኔ እኮ ከጎመን በቀር ተክዬ አላውቅም። እንዴት ይበቅላል?»

«ሦስት ነገር ነው። ብርሃን ስጫት። ውሃ ስጫት። ለማንም አትንገሪ።»

«ሦስተኛው ለምንድን ነው?»

እስስት ግን የግድግዳውን ቀለም ለብሳ ነበር። አንጓች ብትፈልጋት አጣቻት። ዘሯ ብቻ መዳፏ ላይ ቀርታለች።

አንጓች ማሰሮ ፍለጋ ወደ እማማ ላቀች ሄደች። እማማ ላቀች ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ቤታቸውም ከመንደሩ ጥግ ለብቻው ነው። ሰዉ በእሳቸው ድስት ይበላል፣ በእሳቸው እንስራ ይጠጣል፤ እሳቸውን ግን «ቡዳ ናት» እያለ ደጁን አያስረግጣቸውም።

«ማሰሮ ለምን ፈለግሽ ልጄ?»

«ለ... ለጎመን ዘር፣» አለች አንጓች መሬት መሬት እያየች። የመጀመሪያ ውሸቷ ይህ ነበር።

እማማ ላቀች አንዱን ማሰሮ አንስተው ቂጡን በወስፌ በሱት። «ውሃ የማያሳልፍ ማሰሮ ሥር ያበሰብሳል። በይ ውሰጂው፤ ጎመኑ ሲደርስ ታቀምሺኛለሽ።»

መንገድ ላይ ማሰሮው ከብብቷ ሥር ተናገረ። «ጎመን ብለሽ ነው የወሰድሽኝ። ጎመን ዝሪብኝ።»

አንጓች እርምጃዋን አፈጠነች።

ዘሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለቻት። በሦስተኛው ቀን ብትፈታት እንደ ሕፃን ጥርስ ነጭ የሆነች ሥር አውጥታለች። አንጓች አንድ የጣት አንጓ ያህል አፈሩን ቆፍራ ቀበረቻት፤ ማሰሮውንም ከመስኮቱ ሥር አኖረችው። ጀማሪ ናትና ፍቅሯን ሁሉ በውሃ ገለጠች፤ ጧት ታጠጣለች፣ ቀትር ታጠጣለች፣ ማታ ታጠጣለች። ቡቃያዋ ወጣች፤ ወጥታም አንገቷን ደፋች፤ ቅጠሏም ቢጫ ሆነ።

አንጓች በቀትር አጠገቧ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ምን አጎደልኩብሽ? ውሃ እንደሆነ አልነፈግሁሽ!»

ያን ጊዜ ቡቃያዋ ቀና አለች። ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚሰማ ንብ ነበር።

«ውሃ አልጠማኝም።»

«ታዲያ ምን ጠማሽ?»

«ድምፅ ነው የጠማኝ። አውራ ዶሮሽ በየማለዳው ይጮኻል። ጩኸቱን ስጪኝ።»

«እምቢ በያት!» አለ ማሰሮው።

ለአንጓች ግን ፊት ለፊት እየለመኑ እንዴት እምቢ ይባላል? «እሺ፣» አለች።

በማግስቱ አውራ ዶሮው አንገቱን ሰገገ፣ ክንፉን መታ፣ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። መልሶ አፉን ከፈተ። ምንም። ከዚያ ወደ አንጓች መጥቶ እግሯ ሥር ቆመና ዓይን ዓይኗን ያያት ጀመር።

ቅጠሏ ግን አረንጓዴ ሆነች፤ ባለ አምስት ጣት እጅ አወጣች። በዚያው ቀን አንጓች ጎረቤቷን ይታይሽን መንገድ ላይ አገኘቻትና ሳታስበው «እንደምን አደርሽ ይታይሽ!» አለቻት፤ መንደሩ እስኪሰማ።

ይታይሽ ገና የወለደች አራስ ናት፤ ልጇን አቅፋ ቆመች። «ውይ! አንቺም አፍ ነበረሽ እንዴ? እኛ እኮ ግድግዳው ነው የሚያነብልን ብለን!»

አንጓች ደስ አላት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ድምፅዋ ለምን እንደዚያ እንደ ቀጠነ ግን አላሰበችም።

ጥቂት ሰነበተ። ቅጠሏ ባለ ሰባት ጣት ሆነች። በቀትር ተናገረች።

«ጠማኝ። የጭቃ ሹሙ ውሻ አንበሴ ሲጮኽ ግቢው ይንቀጠቀጣል። ጩኸቱን ስጪኝ።»

«እምቢ በያት፣» አለ ማሰሮው፤ «ሥሯ ጎኔን እየላሰኝ ነው።»

«እሺ፣» አለች አንጓች።

አንበሴ ዝም አለ። ጅብ የጭቃ ሹሙን የአያ ቢራራን ውርንጭላ ከደጃቸው ሲወስድ አፉን ከፍቶ እያየ ዝም አለ። አንጓች ግን ገበያ መካከል ቆማ ሳቀች። ሰዎቹ አብረዋት ሳቁ፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን መጨረሻው ላይ የተንጠለጠለች ማጉረምረም ነበረችና አንዲት ቅቤ ሻጭ ቅሏን አቅፋ ፈቀቅ አለች።

ቅጠሏ ባለ ዘጠኝ ጣት ሆነች። አናቷ ላይ እንቡጥ ቋጠረች፤ ሽታዋም ቤቱን ሞላው። አንጓች በሯን ዘግታ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን በቀትር ቅጠሏ እጆቿን ሁሉ ወደ እሷ ዘረጋች።

«አሁን የመጨረሻው ነው። የይታይሽ ሕፃን ያለቅሳል። ለቅሶውን ስጪኝ። ያን ጊዜ አብባለሁ፤ አንቺም ሁለተኛ አታፍሪም።»

አንጓች ወደ በሩ አየች። ወደ መስኮቱ አየች። ወደ ማሰሮው አየች።

«አንጓች፣» አለ ማሰሮው ቀስ ብሎ፣ «እኔ ጭቃ ነኝ፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን እምቢ ማለት አንዲት ቃል ናት።»

አንጓች ከንፈሯን አላቀቀች። ቅጠሏ ግን እንደ ተቀየመ እንግዳ ፊቷን መለስ አደረገች። «እስካሁን አጉርሰሽኝ፣ አሁን ልትነፍጊኝ ነው?»

አንጓች አፈረች። ከአፏ የወጣውም «እሺ» ነበር።

ይህን ስነግራችሁ ይጨንቀኛል። ሕፃኑ አፉን ይከፍታል፤ እንባው ይወርዳል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ድምፅ የለም። ይታይሽ ጀርባዋን ሰጥታ እህል ስታበጥር ልጇ ከኋላዋ እየተራበ ያለቅሳል፤ አትሰማም። ሕፃኑ ከሳ። አንገቱ እንደ ሽንብራ አገዳ ቀጠነ።

«ልጄን በሉብኝ!» ብላ ይታይሽ ደጅ ወጥታ ጮኸች። «የልጄን ድምፅ በሉብኝ!»

መንደሩ ተጠራራ። «ዶሮ፣ ውሻ፣ ሕፃን!» ተባለ። «ማነው?» ተባለ። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «አፍ ኖሮት ድምፅ የሌለው ነገር ስትሠራ የምትውል ማን ናት?» አለ። ሁሉም ወደ እማማ ላቀች ቤት ዞረ። ማሰሮ አፍ አለው፤ ድምፅ የለውም። በቃ፣ ነገሩ ተያዘ።

አያ ቢራራ ግን ሕግ አዋቂ ነበሩና «አውጫጪኝ ይቀመጥ!» አሉ።

የአውጫጪኝ ሕጉ እንዲህ ነው። መንደሩ ሁሉ ከሾላው ሥር ይቀመጣል፤ እውነቱ እስኪወጣ ማንም ጎጆው አይገባም። ሦስት ሽማግሌዎች ምለው ከሾላው ጀርባ ይቆማሉ። ሰው ሁሉ ተራ በተራ በዚያ ያልፋል፤ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራል። ሽማግሌዎቹም «ወፍ እንዲህ አለችን» ብለው ያወራሉ። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው።

በመጀመሪያው ቀን «ወፍ ላቀች ናት አለች» ተባለ። በሁለተኛው ቀን «ወፍ ላቀች ናት አለች» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እማማ ላቀች ከመንደሩ እንዲባረሩ ሊቆረጥ አንድ ዙር ብቻ ቀረ። እማማ ላቀች ጭቃ የደረቀባቸውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምድጃ ውስጥ የተውኩት እንስራ አለ። እሱ እስኪበስል ታገሡኝ።»

አንጓች ይህን ሰማች። እውነቱን ልትናገር ፈለገች፤ ግን በጆሮ ለመንሾካሾክ እንኳ ሐፍረት ያዛት። ስለዚህ ከመቀነቷ የብራና ቁራጭ አወጣች፤ ነጠላዋን ተከናንባ ጻፈች፤ ተራዋ ደርሶ ስታልፍ ከሽማግሌዎቹ ድንጋይ ሥር ሸጎጠችው። ተመልሳም ተቀመጠች። «አበቃ፣» አለች በልቧ። «ሳልናገር ተናገርሁ።»

ብራናውን አገኙት። አያ ቢራራ ገለበጡት፤ ዘቀዘቁት።

«ይቺኛዋ ወፍ ደግሞ ጽፋ ሄደች፣» አሉ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ወፍ ፊደል የቆጠረችው?» አለ አንዱ ከኋላ። የሚስቅ ግን አልነበረም። በዚያ መንደር የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ማንም ግን አልጠየቀም፤ ነውር ነውና። ሁሉም የራሱን እግር ያይ ጀመር።

«እንግዲህ፣» አሉ አያ ቢራራ በዝግታ፣ «የሚያነብልን ያስፈልጋል። አንጓች ልጄ፣ ተነሺና አንብቢልን።»

አንጓች ተነሣች። ብራናውን ተቀበለች። እዚያ ግድግዳ የለም፤ በየት በኩል ፊቷን ታዙር?

ያን ጊዜ ከጉሮሮዋ ውስጥ፣ እንደ ሩቅ ንብ፣ ያቺ የቅጠሏ ድምፅ መጣች። «'ላቀች ናት ይላል' ብለሽ አንብቢ። ሌላ አንባቢ የለም። ማን ያውቅብሻል? እሺ በይኝ። አንዲት እሺ ብቻ።»

አንጓች ሕፃኑን አየች። አፉን ከፍቶ ያለቅሳል። ዝም ብሎ ያለቅሳል።

«እምቢ፣» አለች።

ማንን እምቢ እንዳለች ሰዉ አልገባውም። ብራናውን ልታነብ አፏን ከፈተች፤ ከአፏ ግን «ኩኩሉ!» የሚል የአውራ ዶሮ ጩኸት ወጣ። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ዳግመኛ ከፈተች፤ ከአፏ የውሻ ጩኸት ወጣ፤ በማዶ አንበሴ ሰማና ተቀብሎ ጮኸ። ሦስተኛ ከፈተች፤ ከአፏ የሕፃን ለቅሶ ወጣ፤ ረጅም፣ የተራበ፣ የብዙ ቀን ለቅሶ። በአንጓች አፍ ተጀምሮ በይታይሽ ጭን ላይ አለቀ። ይታይሽ ጡቷን አውጥታ ልጇን አጎረሰችው።

ከዚያ በኋላ በአንጓች አፍ ውስጥ የቀረው የራሷ ድምፅ ብቻ ነበር። ትንሽና ሻካራ። በእሱ አነበበች።

«'ድምፅ የበላችው ላቀች አይደለችም። በላቀች ማሰሮ ክፉ ዘር የዘራው፣ ድምፃችሁን አሳልፎ የሰጠው ሌላ ሰው ነው።'» ብራናው እዚህ ላይ ያልቃል። ስም አልጻፈችበትም ነበር። አንጓች ቀና አለች። «እኔ ነኝ፣» አለች። «እኔ፣ አንጓች።»

ይህን ጊዜ ከቤቷ በኩል «ጧ!» የሚል ተሰማ። ሄደው ሲያዩ ማሰሮው ለሁለት ተሰንጥቋል። ቅጠሏ ወድቃለች፤ ባለ ዘጠኝ ጣት እጆቿ ሁሉ ተጨብጠዋል። ሥሮቿ ማሰሮው ውስጥ ተጠምዘው፣ ተጠምዘው፣ የሰው ጆሮ መስለዋል።

እማማ ላቀች ጎንበስ ብለው አዩ። «ታቀምሺኛለሽ ያልኩሽ ጎመን ይኸ ነው?» አሉ።

አንጓች ተንበረከከች። እማማ ላቀች ግን ስባሪውን ለቅመው አስታቀፏት። «ስባሪ ተፈጭቶ ከአዲስ ጭቃ ጋር ሲቦካ ሸክላ ያጠነክራል። ነገ በማለዳ ነይና ፍጪልኝ። ማልቀሱ ይደርሳል።»

በማግስቱ አንጓች ሄደች፤ እየፈጨችም ከረመች። ይታይሽ ግን ዓመት ሙሉ አላናገረቻትም። ድምፁ በቀላሉ ይመለሳል፤ ልብ ግን እንደ ድምፅ አይደለም።

ቅጠሏን ቀበሩ። ሲቀብሩ መስኮቱ ላይ እስስት ነበረች ይባላል። ምላሷን መዝዛ አንዲት ዘር ለቀመችና፣ በአንድ ዓይኗ ወደ ፊት በሌላው ወደ ኋላ እያየች ሄደች። ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ዓይነ አፋር ባለበት ቤት ሁሉ ግን መስኮት አለ።

እናም አበው እንዲህ አሉ፦ ለእምቢታ ያፈረ፣ ለይቅርታ ይቆማል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ክፍቱን ተዉልኝ፤ ዘግቼው ብዙ ኖሬያለሁ። ሳወራም አልፎ አልፎ ከጉሮሮዬ ዶሮ ቢያመልጠኝ፣ እንዳልሰማችሁ ሁኑልኝ።