የጾም ድስቱና የጭቃ ሹሙ ሆድ

ተረት ተረት!

መልሱልኝ እንጂ! አፍን በቆሎ ሞልቶ ተረት አይሰማም። ዋጡና እንደገና፤ ተረት ተረት! እሺ፣ አሁን ሰማሁ።

በድሮ ዘመን፣ ወሎ ውስጥ፣ ገላነሽና ሉባባ የሚባሉ ጎረቤታሞች ነበሩ። ገላነሽ ክርስቲያን፣ ሉባባ ሙስሊም። በነገር ሁሉ አንድ ናቸው። ሰው እንኳ ሲያሙ ተካፍለው ነው። የሚለያቸው ሥጋ ብቻ ነበር። በአንዷ ቤት የታረደውን ሌላዋ አትቀምስም። አገሩ እንዲህ ነው፤ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፣ ሠርግ አብሮ ይጨፍራል፣ ሥጋ ሲመጣ ማዕድ ይለያል።

የዚያ መንደር አለቃ ጭቃ ሹም ጓንጉል ይባላል። ሥራው ግብር መሰብሰብ ነበር፤ እሱ ግን መብላቱን መረጠ። ለፋሲካ ክርስቲያን ነው። ለኢድ ሙስሊም ነው። ጾም ግን በሁለቱም የለበትም። ረመዳን ሲገባ «ማርያምን ክርስቲያን ነኝ» ይላል። ሁዳዴ ሲገባ «ወላሂ ሙስሊም ነኝ» ይላል። አንድ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። አሁንስ ተያዘ ስንል፣ ለሙስሊሙ ክርስቲያን፣ ለክርስቲያኑ ሙስሊም እየሆነ ወፍሮ ከረመ።

ይህ ሰው፣ ለበዓል ያረደ ሁሉ ፍርምባውን እንዲያመጣለት አዝዞ ነበር። ማን ይናገረዋል? ዱላው ረጅም ነው።

በዚያው ዓመት የሉባባ ባል ሞተ። የቀረቻት አንዲት የምትታለብ ፍየል ናት። ትንሿ ልጇ የምታድረው በዚያች ፍየል ወተት ነው። ኢድ ሲቃረብ ጭቃ ሹሙ ከች አለ።

«ሉባባ፣ ፍየሏን መቼ ታሳርጃለሽ?»

«አላሳርዳትም አያ ጓንጉል። ልጄ ምን ትጠጣ?»

«ሳይታረድ ኢድ አለ? ፍርምባዬን ልትቀሚኝ? ካላሳረድሽ በኢዱ ማግስት ፍየሏን ራሷን ነድቼ እወስዳታለሁ።»

ሉባባ እያለቀሰች ገላነሽ ቤት ገባች።

«ባሌ በነበረ ጊዜ ለኢድ ደጄ በእንግዳ ይሞላ ነበር። ዘንድሮ በባዶ ማዕድ ልቀበላቸው? ባርዳት ልጄ ተራበች፤ ባላርዳት ወሰዳት።»

«አትታረድም» አለች ገላነሽ። «ድግሱን እኔ እሠራለሁ።»

«አንቺ? እናንተ ያረዳችሁትን ማን ሊበላልኝ?»

«ሽምብራ አንገት አለው እንዴ? ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅ! እኔስ ብሆን ሁዳዴ ይዤ ከሽምብራ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ሉባባ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድስቱስ?»

«የጾም ድስቴ ነው። ከገበያ ከመጣ ጀምሮ ሥጋም ቅቤም አያውቅም። እንደኔ እንደኔ፣ ከእኔ በፊት እሱ ይጸድቃል።»

ሉባባ ያን ቀን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳቀች። ፍየሏንም ከጭቃ ሹሙ ዓይን እንድትርቅ አምጥታ ገላነሽ ጓሮ አሰረቻት።

የኢድ ዋዜማ ገላነሽ የሽምብራ ዱቄት በጨው፣ በነጭ ሽንኩርትና በኑግ ዘይት አሸች። መቼም የሽምብራ አሳ ሲሠራ ሊጡ በአሳ ቅርጽ ነው የሚቆረጠው። ገላነሽ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አሳ አይታ አታውቅም። የምታውቀው ፍየል ነው። ስለዚህ አንዱን እንደ ጎድን፣ አንዱን እንደ ፍርምባ አድርጋ ቆረጠችው። ጠበሰችና ቀይ ወጥ ውስጥ ጨመረችው። ደግሞ ምስሩን ሠራች፣ ቃሪያውን ሰነገች፣ ሱፉን ፈተፈተች።

ጭቃ ሹሙ በደጇ አለፈ።

«ገላነሽ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«በርበሬ ነው።»

ተመልሶ መጣ። «ምንድን ነው የሚንጣጣው?»

«ዘይት ነው።»

ለሦስተኛ ጊዜ መጣና በአጥሩ ቀዳዳ አየ። «በድስቱ ውስጥ ምንድን ነው የሚታየኝ?»

«የሉባባ ድግስ ነው።»

ሦስቴ ጠየቀ፣ ሦስቴም እውነቱን ነገረችው። ሆዱ ግን ሌላ ነገረው። «አሃ! የሉባባ ፍየል ከደጇ የለችም። እዚህ ጎድኑ ይታያል፣ ፍርምባው ይታያል። አርደው ደብቀውኛል!»

በነጋው ኢድ ነው። የሉባባ ቤት ሞላ። ሼህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ። መምሬ ዘውዴም ከቅዳሴ ወጥተው፣ ምግቡ የጾም ነው ሲባሉ፣ ከሁሉ ቀድመው መሶቡ ሥር ተቀመጡ። ይኸኔ ጭቃ ሹሙ ገባ። ሰላምታም የለ፣ ምርቃትም የለ። ፍርምባ የመሰለውን አነሣ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ።

«ፍየል!» ብሎ ጮኸ። «ሰዎች ሁሉ ስሙ! ይህች ሴት ፍየሏን አርዳ ደበቀችኝ። ትቀጣለች!»

«አያ ጓንጉል፣ ሥጋ ነው?» አለች ገላነሽ።

«ሥጋ ነው!»

«ደህና አድርገው ይቅመሱት እንጂ። ሥጋ ነው?»

ደግሞ ጎረሰ። «ሥጋ ነው!»

«ይምላሉ?»

«በሁለቱም እምላለሁ! ማርያምን! ወላሂ!»

መምሬ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሁዳዴ እኮ ነው። ሥጋ መሆኑን እያወቅህ በላህ?»

«የለም መምሬ፣ እኔ… ዛሬ ሙስሊም ነኝ።»

«ማሻአላህ!» አሉ ሼህ ሙሄ። «በጾሙ አጥቼህ በኢዱ አገኘሁህ። ታዲያ ከክርስቲያን ቤት የመጣ ሥጋ ማን አርዶት ነው የበላኸው?»

«ኧረ ሼህ፣ እንደሱ ከሆነማ ክርስቲያን…»

መምሬ መስቀላቸውን ሲያወጡ ወደ ሼሁ ዞረ። ሼሁ ሙሰበሃቸውን፣ የዱዓ መቁጠሪያቸውን፣ ሲያነሡ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ሰው ሞልቷል።

«ታዲያ የበላኸው ምንድን ነው?» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ሽምብራ ነው!» አለ ጭቃ ሹሙ ላብ እያጠመቀው። «ሽምብራ ነው የበላሁት! ሥጋ የሚባል አልነካሁም!»

ይኸኔ ከገላነሽ ጓሮ ፍየሏ «ምእእእ» አለች። የሳቁን ነገር ምን ልንገራችሁ። ሉባባ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሼሁና መምሬው ፈረዱ። በሐሰት ስለማለ፣ ከራሱ በረት የምትታለብ ፍየል ለሉባባ ካሰ። ፍርምባ መሰብሰቡም ቀረ። «ደግሞም ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» አሉት፤ «የመረጥኸውን ታከብራለህ፣ ጾሙንም ትጾማለህ።» ጓንጉል ጾም የሚለውን ሲሰማ «ላስብበት» አለ። እያሰበ አረጀ ይባላል። እስኪመርጥ ድረስ ግን፣ በፋሲካም በኢድም፣ ሰው ሥጋ ሲበላ ለእሱ የሚቀርብለት የገላነሽ ሽምብራ ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው አባቶች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚሉት።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ፣ አፌን በሽምብራ አብሱ።