የግራዝማች ጫማ

አንድ ሸማኔ ነበር። ደጁ ላይ ባለው የብሳና ዛፍ ጥላ ሥር ሲሸምን ጎረቤቶቹ ይከቡትና ትንንሽ ብሶታቸውን ያወራሉ። ቁንጫ ያስቸገረውን ሰው ሸማኔው «ወለሉን ውሃ አርከፍክፈህ ጥረግ» ይለዋል፤ ጭስ ያስለቀሰውን «እንጨቱን ፀሐይ አስመታው» ይለዋል።

አንድ ቀን የአገሩ ገዥ ግራዝማች ደርሶልኝ አዲስ ጫማ ተጫምተው መጡ። ጫማው በተራመዱ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ገና ከሩቅ ሲሰማ ወሬው ሁሉ ተቋረጠ፤ ሰዎቹም ተነሥተው እጅ ነሱ።

«ቅቤ ቀባሁት፣ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ አልተወም» አሉ ግራዝማች። «አንተ የመንደሩ መካሪ ነህ አሉ። ለዚህ ጫማ መላ ካላመጣህ ዛሬውኑ የሽመና ዕቃህን ነቅለህ ከመሬቴ ውጣ።»

ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀመጠ።

«መላ እንኳ ነበረኝ፤ ግን ለጌታዬ ስለማስብ አልሰጥም። ጫማው ዝም ያለ ቀን ሳንሰማ ይደርሱብንና የምናወራውን ሁሉ ይሰማሉ። ከዚያ ደግሞ ለጆሮዬ መላ አምጣ ይሉኛል፤ ለእሱ መድኃኒት አላውቅም።»

ግራዝማች ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ስለ ሽመናው ዕቃ ምንም ሳያነሡ፣ ጫማቸው ሲጥ ሲጥ እያለ ዞረው ሄዱ።

ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ማንም አልሳቀም።