ጋሽ ቢተው የተዋሱት ሱፍ

አንድ ቀን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ የታችኛው ወፍጮ ሰፈር ዕድር ዳኛ አቶ ልሳነወርቅ ከአንድ ባለጸጋ ቀብር ሲመለሱ ወንድ ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ተገለጠላቸው። አቶ ልሳነወርቅ የማያውቁት ነገር አልነበረም። ስለ ዝናብ ቢነሳ ዝናብ ያውቃሉ፤ ስለ ጉበት ሕመም ቢነሳ ከታማሚው በላይ ያውቃሉ፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ተራው የልብስ ሆነ። እሁድ አባላቱን ሰብስበው፣ ጥቁር ሱፍ ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ቀበቶና የተወለወለ የቆዳ ጫማ የሌለው ፍጡር ብርድ ሸሽቶ የተሸፋፈነ ነገር ነው እንጂ ወንድ አይባልም ብለው አስረዱ። ከእንግዲህ እነዚህን አምስቱን ያላሟላ ለቀስተኛ ድንኳን አይገባም ሲሉም ደነገጉ።

አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። ጋቢ የደረበ አለ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የለበሰ አለ፣ ከአያቱ የወረሰውን ካፖርት የተጠቀለለ አለ፤ ከረባት ያሰረ ግን አንድም የለም። ደንቡ እንዳለ ቢጸና ድንኳኑ ውስጥ የሚቀረው ምሰሶው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ወንድይፍራው የሚባለው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ስሙ ከአካሉ የሚከብድ ቀጫጫ ሰው፣ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ሬሳውን ማን ሊሸከመው ነው ብሎ ጠየቀ።

አቶ ልሳነወርቅ ለዚህም መልስ አላጡም። ዕድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ለመቶ ሰው የሚበቃ ብረት ድስት አለው፤ ሱፍ ከነከረባቱ ከነጫማው የማይኖረው ለምንድን ነው? ይገዛና ጉዳይ የገጠመው አባል እየተዋሰ ይልበስ። በየለቅሶው ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰው አምስቱን አሟልቶ በሁሉም ስም ይቁም፤ ሌላው በእሱ ጥላ ሥር ይገባል። ይህ ሙሉ ሰው ማን እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቅም አያስፈልግም ነበር።

ሱፉ የተሰፋው በመካከለኛ ሰው ልክ ነው ተባለ። መካከለኛውን ሰው ፍለጋ ሜትሩ ስንቱን ትከሻ ለካ፣ ስንቱን ወገብ ዞረ፣ በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ ወገብ ላይ አረፈ። እነሆ ከዚያ ወዲህ አጭሩ ሰው ሲዋሰው እጁ እጅጌው ውስጥ ጠፍቶ ይውላል፣ ረጅሙ ሲዋሰው ደግሞ ሱሪው ቅልጥሙ ላይ ይቀራል። ሰዉም፣ ሱፉ ሰርግ ሄደ፣ ሰውየውም ተከትሎት ሄደ ማለት ጀመረ። በሰፈሩ ግድግዳ ሁሉ ላይ የተሰቀለው የሰርግ ፎቶ አንድ ሱፍ ነው፤ የሚለዋወጠው ከላይ ያለው ጭንቅላት ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ሱፉ የወጥ ቅባት ጠጥቶ ተመለሰ። የመለሰው የለባሹ አማች ስለነበረ፣ ለባሹ አማቹን ሲል አማቹ ለባሹን ሲል ጥፋተኛ ሳይገኝ ቀረ። አቶ ልሳነወርቅ ተቆጡና ሌላ ደንብ ጨመሩ፤ የለበሰ ሰው ራሱ፣ ያውም እንደለበሰ መጥቶ ይመልስ፣ በሌላ ሰው እጅ ግን አልቀበልም አሉ። ይህን ርክክብ ብለው ሰየሙት። ለባሹ በራቸው ላይ ይቆማል፤ እሳቸው እጅህን አንሳ፣ ዙር፣ ጎንበስ በል እያሉ ይመረምሩታል፤ አንገትጌውን እንኳ ያሸታሉ። በመጨረሻ አጥሩ ጥግ ሄዶ ያወልቅና የራሱን ለብሶ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ሁሉ የማያየው ሱፉ በአቶ ልሳነወርቅ ገላ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነበር።

ታዲያ በዚያ ሰፈር ሱፉ ልክክ የሚላቸው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ቢተው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲሸምኑ የኖሩ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው፣ የወንድይፍራው ጎረቤት ናቸው። ስንቱን ሰው በሱፍ ሲያሞቁ ኖረው እሳቸው አንድ ቀን ሱፍ ለብሰው አያውቁም። ሱፉን ለመዋስ በየጊዜው ይለምናሉ፤ አቶ ልሳነወርቅም ጉዳይዎ ምንድን ነው ይሏቸዋል። ለብሼ ልታይ ነው ይላሉ። መታየት ጉዳይ አይደለም ይባላሉ። ሽማግሌው ይመለሳሉ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ይሄዳሉ። ወንድይፍራው ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱ ይቃጠል ነበር።

በመጨረሻ እግዜር ጉዳይ ሰጣቸው። የክርስትና ልጃቸው ልትዳር ሆነ። አሁን አቶ ልሳነወርቅ እምቢ የሚሉበት መንገድ አጡ፤ ሱፉን ከገላቸው ላይ እያዘኑ አውልቀው ሰጧቸው። ወንድይፍራው ጺማቸውን ላጫቸው፣ ከረባቱን አሰረላቸው፣ ጫማውን ወለወለላቸው። ጋሽ ቢተው ከቤት ብቅ ሲሉ መንገደኛው ቆመ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የሚለው ተረት በዚያን ቀን ሐሰት ሆነ፤ ደመቁ ብቻ አይደለም፣ አበሩ። ሰርጉ ላይ ጨፈሩ፣ በሉ፣ ጠጡ፤ አንዲት ጠብታ ወጥ ግን አላስነኩትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ የወንድይፍራውን ክንድ ያዙ።

«ወንድይፍራው፣ ከእንግዲህ ይህን ከላዬ የሚያወልቅ ሰው እንዳላይ።»

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ!» አለ ወንድይፍራው። ጨዋታ መስሎት ነበር።

ጠዋት በራቸውን ቢያንኳኳ መልስ የለም። ገፍቶ ሲገባ ጋሽ ቢተው ባለመደገፊያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከረባታቸው አልተዛነፈም፣ ጫማቸው እንደታሰረ ነው፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ፤ ነፍስ ብቻ የለም። ወንድይፍራው እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። የትናንቱ ቃል ጨዋታ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባው።

ወሬው ተሰማና አቶ ልሳነወርቅ ከማንም ቀድመው ከተፍ አሉ። ሱፉ ስለሌለ አሮጌ ቡኒ ሹራብ ለብሰው፣ በላስቲክ ጫማ ነው የመጡት። የሟቹን ፊት ከማየታቸው በፊት እጅጌውን አዩ። ክርኑን አዩ። ከዚያ እግዜር ያጥናችሁ አሉና፣ በሉ ገላው ሳይደርቅ ሱፉ ይውለቅ ብለው አዘዙ። ወንድይፍራው ሟቹ ትናንት የተናገሩትን ነገራቸው፤ የብቸኛ ሰው አደራ ነው፣ ይሂዱበት ብሎ ለመነ። እሳቸው ግን ለሬሳ ወጉ ከፈን ነው፣ ሱፉ የዕድር ንብረት ነው አሉ። ሱፉ እስኪመለስ ድረስ ጡሩምባ አይነፋም፣ ድንኳን አይተከልም፣ ቃሬዛም ከዕድሩ ቤት አይወጣም ብለው ቁርጡን ተናገሩ።

ያለ ጡሩምባና ያለ ቀባሪ መሄድ በዚያ አገር ከሞት ይከፋል። ወላጅ የሌለው፣ ልጅ የሌለው ሰው ዕድር የሚገባው ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ወንድይፍራው አንድ ዓይኑ ወደ ሟቹ፣ አንድ ዓይኑ ወደ ዳኛው ሆነ። አውልቆ ቢሰጥ አደራ በላ፤ ባይሰጥ ወዳጁን እንደ ውሻ ሊያስቀብር ነው። ንዴቱ ሲያልፍ ግን፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር እንደሚባለው፣ ምላሱ ተመለሰለት።

«ጋሽ ልሳነወርቅ፣ እኔ አውልቄ ብሰጥዎት እኮ በሰው እጅ መቀበልዎ ነው። የለበሰ ራሱ ለብሶ ይመልስ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«እና ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«እንደ ደንቡ ይሁን። በርዎ ድረስ ሄደው ይመልሱልዎታል።»

ከዚያ የሆነውን እኔ ስተርከው ውሸት ይመስላል። ለቅሶውን ሰምተው የመጡ የሰፈሩ ጎረምሶች ጋሽ ቢተውን ከነወንበራቸው ብድግ አደረጓቸው፤ ወንድይፍራው ነጠላውን በወገባቸው አዙሮ ከመደገፊያው ጋር አሰራቸውና ከፊት ከፊት መንገድ አስለቀቀ። ጋሽ ቢተው ከሰው ሁሉ በላይ ከፍ ብለው፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ሱፋቸውን ለብሰው በዋናው መንገድ ተጓዙ። ዓይናቸው የደከመ አንድ ባልቴት ከጥላቸው ሥር ሆነው፣ ጋሽ ቢተው እንዴት አደሩ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተሾሙ አሏቸው። ጡሩምባ ነፊው ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር፤ ሬሳ ሲያልፍ አየና ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ ከልማዱ የተነሳ፣ ጡሩምባውን አንስቶ ነፋ።

ጡሩምባ ከተነፋ ማን ቤቱ ይቀራል? ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጋቢ ለባሹ በጋቢው፣ ካፖርት ለባሹ በካፖርቱ፣ ሴቶቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከወንበሩ ኋላ ተሰለፉ። ያ የማይመጣ የተባለው ቀባሪ ሁሉ አቶ ልሳነወርቅ በር ላይ ደረሰ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋረገድ በሩን ከፍተው ሱፉን ሲያዩ፣ ከልማድ ባላቸው መስለዋቸው፣ ምሳው ገና ነው አሉ። ቀና ሲሉ ግን የጋሽ ቢተውን ፊት አዩ። በሩን ደርግመው ከውስጥ ሆነው፣ ልሳነወርቅ፣ ይህን እንግዳ የጠራኸው አንተ ከሆንክ አንተም ከእንግዳህ ጋር እዚያው እደር ሲሉ ተሰሙ።

ወንድይፍራው ወንበሩን በሩ ላይ አስቀመጠና ወደ ዳኛው ዞረ። እንግዲህ ይመርምሩ አላቸው። እጅ አንሱ ይበሏቸው፣ ዙሩ ይበሏቸው፣ አንገትጌውንም ያሽቱ፤ ነውር ከተገኘበት ጋሽ ቢተው ራሳቸው ይጠየቃሉ። አቶ ልሳነወርቅ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፣ ሁለት ወደኋላ ተመለሱ። በሩ ተዘግቷል፣ ሰዉ ከቧቸዋል፣ ሟቹ ፈገግ ብለው ያዩዋቸዋል። በዚያ ብርድ አገር ግንባራቸውን አላባቸው። ይባስ ብሎ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አምስቱን አሟልቶ የተገኘው ሟቹ ብቻ መሆኑን አንዱ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ በደንቡ መሠረት የተቀረነው በእሳቸው ጥላ ሥር ነን አለ። ሰዉ በለቅሶ ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን እያወቀ ሳቀ።

«እሺ፣ ይሂዱበት» አሉ አቶ ልሳነወርቅ በመጨረሻ። ቃሬዛው እንዲመጣ፣ ድንኳኑም እንዲተከል አዘዙ። ግን ዳኝነታቸው በሰው ፊት እንዲህ ተዋርዶ እንዲቀር አልፈለጉምና ጣታቸውን ቀሰሩ። «ሰው ሁሉ ይስማ፤ ይህ ውሰት ነው እንጂ ስጦታ አይደለም! የዕድር ንብረት ነው! መቼ ነው የሚመለሰው? ቀኑ ይነገረኝ!»

ወንድይፍራው የጋሽ ቢተውን ከረባት ቀስ ብሎ አቃናና ዞር አለ።

«በትንሣኤ ሙታን ቀን፣ ልክ እንደ ደንቡ፣ ራሳቸው ለብሰው ይመጣሉ። በእሳቸው በኩል አሳብ አይግባዎት፤ ጋሽ ቢተው የሰው ዕቃ የሚያስቀሩ ሰው አልነበሩም። እኔን የጨነቀኝ የእርስዎ ነገር ነው፤ ያን ቀን በከፈን ቆመው ሊረከቡ ነው?»

ጋሽ ቢተው ጡሩምባ እየተነፋላቸው፣ ሰፈር ሙሉ ሰው እያለቀሰላቸው፣ ባማረ ሱፍ ተቀበሩ።

በሳምንቱ አቶ ልሳነወርቅ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደው ጥቁር ሱፍ ሙሉ ልብስ አስለኩ። ልብስ ሰፊው ትከሻቸውን እየለካ፣ ለምን ጉዳይ ነው ጋሼ ቢላቸው፣ ወዲያና ወዲህ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለርክክብ» አሉት።