«ጀምበሬ ይዞኛል»

በእኛ በገራም ውኃ ሸማኔዎች ዘንድ «ጀምበሬ» የሚባል የቆየ ቃል አለ። በጓደኛ ሥራ መቅናት ጀምበሬ ይባላል፤ የቀናው ሰው እንዲሸምናት ከሸማው ጫፍ የምትተውለት ስንዝርም ጀምበሬ ትባላለች። የከተማ ልጆች ሲሰሙት ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

አባቶች እንደሚሉት ጀምበሬ የሰው ስም ነበር። በዘመኑ እሱን የሚያህል ሸማኔ አልነበረምና የአገሩ ሙሽራ ሁሉ የእሱን ሥራ ትለብስ ነበር ይባላል። የኋላ ኋላ ግን ራሱ ያስተማረው ታምሬ የሚባል ጎልማሳ ጥለቱን እያሳመረ መጣና ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ይህንንስ እንደ ምንም ቻለው። የገዛ ልጁ አመልማል ልትዳር ስትል «አባዬ፣ አትቆጣኝና የሠርግ ቀሚሴን ታምሬ ይሥራልኝ» ያለችው ዕለት ግን አንጀቱ አረረ፤ እህል አልቀመስ አለው።

ታምሬ ገበያ የሚወጣበትን ቀን ጠብቆ ቢላዋ ይዞ ቤቱ ገባ፤ ለአመልማል ቀሚስ የተዘረጋውን ድር ሊቆርጠው ነው። ቢላዋውን ድሩ ላይ ካሳረፈ በኋላ ግን፣ መቼም ሸማኔ ነውና፣ ጥለቱን ሳያይ ማለፍ አልሆነለትም። ደህና አድርጌ ልየው ብሎ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። አንድ ክር ተበጥሶ አገኘና ቋጠረው። እግሩ መርገጫውን ረገጠ፣ እጁ መወርወሪያውን ወረወረ፤ እንደሚነገረው ታምሬ ሲመለስ ስንዝር ያህል ሸምኖ ነበር።

ታምሬ ቢላዋውን አይቶ ክው አለ። «አያ ጀምበሬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ቀናሁብህ!» አለ ሽማግሌው። «ልቆርጠው ነበር የመጣሁት። ውስጤን በላኝ እኮ! ለልጄማ መሥራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ታምሬም «እንግዲያው ጫፉን እርስዎ ይጨርሱት» አለ ይባላል።

አመልማል የሁለቱን እጅ ለብሳ ተዳረች። ጀምበሬን ቅናቱ ለቀቀው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላምንም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ቢላዋ ይዞ የሰው ቤት አልገባም።

ዛሬም የቀና ሸማኔ ከባልንጀራው ደጃፍ ቆሞ «ጀምበሬ ይዞኛል» ይላል፤ ባለሸማውም ተነሥቶ ቦታውን ይለቅለትና የመጨረሻዋን ስንዝር የቀናው ይሸምናታል። ለባለሸማው ትልቅ ክብር ነው። ባይለየኝ የሚባለው ጎረቤቴ ዘንድ በዚህ ዓመት ብቻ ሰባት ሰው መጥቷል፤ አንዱ እኔ ነኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከየሸማው ጫፍ ስንዝር ስንዝር እየተውኩ ደጄን አያለሁ፤ እስከ ዛሬ ሁሉንም የጨረስኩት ራሴ ነኝ።