ማር ቆራጩና አዲሱ መጫኛ

አንድ ማር ቆራጭ ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ ልጄ። «ከተጋባን ጀምሮ ቤታችን ጠብ ብቻ ነው፤ ሚስቴን ልፍታት ወይ?» አልከኝ። እሺ፣ መጀመሪያ ይህን ስማ፤ መፍታቱ የትም አይሄድብህም።

ይህ ሰው በገመድ ገደል እየወረደ የዱር ማር ይቆርጥ ነበር። የሴት ልጁ ሠርግ ደረሰ። ጠጅ መጣል አለበት፤ ማሩ ግን ገና ከነንቡ ገደል ላይ ነው። አሮጌው ገመዱ ስላለቀ፣ ከሦስት ጠፍር የተገመደ አዲስ መጫኛ አሠራ። ሲኮራበት ብታየው! ሳያለፋው፣ ሳይሞክረው፣ በዚያው ቀን ወገቡ ላይ አሰረና የመንደሩን ጎረምሶች ከላይ አስይዞ ወረደ።

እግሩ መሬት እንደለቀቀ ገመዱ ይዞት ዞረ። አዲስ ገመድ ነዋ፣ ሲገመድ የተጠማዘዘው ክረቱ አልለቀቀማ! አንዴ ፊቱ ወደ ማሩ፣ አንዴ ወደ ገደሉ፣ እንደ እንዝርት ሾረ። የያዘው የጭስ ችቦ ንቡን ትቶ እሱኑ አጠነው። ንቡም አልማረውም። «ጎትቱኝ! በማርያም ጎትቱኝ!» እያለ ወጣ፤ ፊቱ አብጦ፣ ማር የሚባል ሳይቀምስ። ጎረምሶቹ በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ።

እሱ ግን ፈርቷል። ጠጅ የሌለው ሠርግ፣ አንገቷን የደፋች ልጁ ታየችው። ንዴቱን በገመዱ ሊወጣ፣ «ይኼ እርጉም! ቆራርጬ የበሬ ማሰሪያ አደርገዋለሁ!» ብሎ ቢላዋውን መዘዘ።

አማቱ እዚያው ቆመዋል፤ የማር ቆራጭ ሚስት የነበሩ ባልቴት ናቸው። እጁን ለቀም አደረጉት። «ተው እንጂ! ገመዱ ምን በደለ? የቸኮልከው አንተ!» አሉት። ከዚያ ገመዱን ዋርካ ላይ አሰቀሉና ጫፉ ላይ ክብደቱ እሱን የሚያክል ድንጋይ አሳሰሩ። ድንጋዩ በቀኝ ዞረ። ተመልሶ በግራ ዞረ። እንዲህ ሲል አምሽቶ፣ በማግስቱ ጠዋት ቀጥ ብሎ ቆሞ ተገኘ።

«አየህ? ትናንት ድንጋዩ አንተ ነበርክ» አሉት። ሰውየው በዚያ ባበጠ ፊቱ ከት ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ገመዱን ሞራ እየቀባ፣ እያሸ ሲያለፋው ሰነበተ። ሲወርድበት ገመዱ ንቅንቅ አላለም። ለሠርጉ የተጣለው ጠጅ ተርፎ ለመልሱም በቃ። ማር ቆራጩም ከዚያ ወዲህ ከገደል በተመለሰ ቁጥር ገመዱን አቧራውን ጠርጎ፣ ጥላ ላይ አድርቆ፣ ሞራ ሳይቀባ እህል አይቀምስም ነበር።

አንተም ልጄ፣ ትዳርህ አዲስ መጫኛ ነው። የሚያዞራችሁ ክረቱ ነው፤ ግማሹን እሷ ከአባቷ ቤት፣ ግማሹን አንተ ከአባትህ ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት። ዞሮ ዞሮ ይለቃል፤ ቢላዋህን ወደ ሰገባው መልስ። «ሞራውስ ምንድን ነው?» ካልከኝ፣ ዛሬ ቤትህ ስትገባ «ራት የታለ?» ከማለትህ በፊት «እንዴት ዋልሽ?» በላት። ነገም እንደዚሁ፣ ከነገ ወዲያም። በል ተነሣ፣ ምን ትጠብቃለህ? እሷም እኮ ስትዞር ነው የዋለችው።